ሰባት ቤት ከመቁጠር ባሻገር፦ የቤተሰባችሁን ጄኖግራም በእጃችሁ መሥራት

ልጅ እያለሁ አባቴ ሰባት ቤት ያስቆጥረኝ ነበር። በስሜ ጀምሬ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን እያልኩ ወደ ላይ እወጣለሁ። ከተሳሳትኩ እንደገና ከስሜ። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የቆየ መላ ነው። አሁንም ድረስ አልረሳሁትም።

ካደግሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ከምቆጥራቸው ሰዎች መሃል አንዲት ሴት የለችም። ማን ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ እንደሞተ የለም። ማን የማንን ልጅ እንዳሳደገ፣ ማን ቤቱን ጥሎ እንደጠፋ፣ ማን የትኛውን ልጅ ቀብሮ እንደኖረ የለም። ስሙ ሁሉ አለ። በስሞቹ መሃል የሆነው ነገር ግን አልተቆጠረም።

ያንን መሃሉን የሚሞላ ሥዕል አለ። ጄኖግራም ይባላል። ሲያዩት የቤተሰብ ዛፍ ይመስላል፤ ግን በሰዎቹ መካከል ያለውን ቅርበት፣ ጠብና ዝምታ በመስመር ያሳያል። ሐሳቡ በዋናነት የመጣው ሙሬይ ቦወን ከተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። ቦወን እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1959 ባካሄደው ምርምር ታማሚውን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንም ሆስፒታል አስገብቶ አብረው ሲኖሩ ይከታተል ነበር። የአንድ ሰው ጭንቀት ከቤተሰቡ ተነጥሎ እንደማይታይ ያመነው እዚያ ባየው ነገር ነው። ዛሬ የቤተሰብ አማካሪዎች፣ ሶሻል ወርከሮችና ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። እናንተም ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ከወረቀቱ በፊት ጥያቄ

ዝም ብላችሁ አትጀምሩ። አንድ የሚከነክናችሁን ነገር ያዙ። «በእኛ ቤት ወንድማማቾች ለምንድን ነው በውርስ የሚጣሉት?» «ስለዚያች አክስቴ ለምን አይወራም?» «እኔና እናቴ ስልክ ባነሳን ቁጥር ለምን እንጨቃጨቃለን?» ጥያቄውን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉት። ሥራው መሃል ሲዝረከረክባችሁ ወደ እሱ ትመለሳላችሁ።

ትልቅ ወረቀት ያስፈልጋል። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ጀርባው ንጹሕ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ እኔ የሠራሁት በእሱ ነው። እርሳስና ላጲስ ያዙ። ቀይና አረንጓዴ እስክሪብቶ ለኋላ ይጠቅማሉ። የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም አሉ፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅ ሥሩት። ስክሪን ላይ ሙሉ ቤተሰቡ በአንድ ዓይን አይገባም። ደግሞ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ይዞ ከአያት ፊት መቀመጥ የቃለ መጠይቅ ስሜት ያመጣል።

ሦስት ትውልድ ይበቃል፦ እናንተ፣ ወላጆቻችሁ፣ አያቶቻችሁ። ልጆች ካሏችሁ አራት ይሆናል።

ምልክቶቹ

ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ። ሥዕሉ የሚሠራለት ሰው፣ ማለትም እናንተ፣ ድርብ መስመር ይደረግባችኋል። የሞተ ሰው ምልክቱ ውስጥ ኤክስ ይገባል። ባልና ሚስት በአግድም መስመር ይያያዛሉ፤ ባል በግራ፣ ሚስት በቀኝ። ሳይጋቡ አብረው ከኖሩ መስመሩ የተቆራረጠ ይሆናል። ተለያይተው የሚኖሩ ከሆነ መስመሩ ላይ አንድ ዘንበል ያለ ጭረት፣ ከተፋቱ ሁለት ጭረት። ልጆች ከመስመሩ ሥር ይወርዳሉ። የመጀመሪያው ልጅ በግራ ጫፍ፣ የመጨረሻው በቀኝ። መንትዮች ከአንድ ነጥብ ይነሣሉ። ለወረደ ፅንስ ትንሽ የጠቆረ ክብ ይደረጋል።

ይህንን የመጨረሻውን አትዝለሉት። «ስንት ልጅ ወለዱ?» ሲባል ብዙ ቤት የሚቆጠረው የቆመው ብቻ ነው። እናት ግን ሁሉንም ታስታውሳለች።

በታወቀ ቤተሰብ እጃችሁን አፍታቱ

የራስን ቤተሰብ መሣል ስሜት ይነካል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁላችንም በምናውቀው ቤተሰብ ብትለማመዱ ይሻላል። የሸዋን ነገሥታት ውሰዱ። ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን አድርጉ። ከልጆቻቸው ሁለቱን ብቻ አውርዱ፦ ኃይለ መለኮትን በአራት ማዕዘን፣ ተናኘወርቅን በክብ። ከኃይለ መለኮት ሥር ዳግማዊ ምኒልክ፤ ከተናኘወርቅ ሥር ራስ መኮንን። ከምኒልክ ሥር ሁለት ሴቶች ልጆች አውርዱ፤ ዘውዲቱና ሸዋረጋ፤ እናታቸው አንድ አይደለችም። ሸዋረጋን በኋላ የወሎ ንጉሥ ከሆኑት ከራስ ሚካኤል ጋር አያይዙና ልጅ ኢያሱን አውርዱ። ራስ ሚካኤል ከሌላ ሚስት የወለዷት ስሂን የምትባል ልጅ አለች። ከስሂን ሥር መነንን ጻፉ። ከራስ መኮንን ሥር ተፈሪን። በመጨረሻ ተፈሪንና መነንን በአግድም መስመር አያይዙ፤ «1903» ብላችሁ።

አሁን እርሳሱን አስቀምጡና ተመልከቱ። መስከረም 17 ቀን 1909 ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ዘውዲቱ ነገሡ፤ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ይህን በትምህርት ቤት የሥልጣን ሽኩቻ ብለን ተምረነዋል። ወረቀቱ ላይ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ ይታያል። ዘውዲቱ ለኢያሱ የእናታቸው እህት ናቸው። አልጋ ወራሹ ደግሞ የኢያሱ እህት ልጅ ባል ናቸው። ልክ በወሩ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ጦርነት ሲደረግ በአንድ ወገን የተሰለፉት ንጉሥ ሚካኤል የመነን አያት ናቸው። በሌላው ወገን የመነን ባል። መነን በሥዕሉ መሃል የት ላይ እንዳሉ እዩ። የዚያን ቀን በእሳቸው ቤት ምን ተወርቶ ይሆን? ሥዕሉ መልሱን አይሰጥም፤ ግን ጥያቄው ራሱ የመጣው ከሥዕሉ ነው።

ዓመቶቹን ስትጨምሩ ሌላም ነገር ይወጣል። መነን በ1883፣ ኢያሱ በ1887 ተወለዱ። አጎት ከእህቱ ልጅ ያንሳል ማለት ነው። አባት ብዙ ሚስት ባገባበት ቤት ይህ ያለ ነው፤ በእናንተም ቤት ሊኖር ይችላል።

አንድ ደረጃ ወደ ታች ውረዱ። ተፈሪና መነን ስድስት ልጆች ወለዱ። ከስሞቹ መሃል ተናኘወርቅ፣ መኮንን፣ ሣህለ ሥላሴ አሉ። የአባት አያት፣ አባትና ቅድመ አያት ተመልሰው መጡ። ራስ መኮንን በመጋቢት 1898 ሲሞቱ ተፈሪ ገና 13 ዓመታቸው ነበር፤ እናታቸው ደግሞ የሞቱት እሳቸው ሕፃን ሳሉ ነው። ቀድሞ ያጣውን አባት በልጁ ስም መልሶ የሚጠራ ሰው ምን እየፈለገ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ኤክሶቹን አድርጉ። ልዕልት ፀሐይ በ1934፣ ልዑል መኮንን በ1949። ከስድስቱ ልጆች አራቱ ከአባታቸው ቀድመው ነው የሞቱት። ታሪክ ስናነብ አንድ በአንድ የምናልፈው ሞት አንድ መስመር ላይ ተደርድሮ ሲታይ ሌላ ነገር ነው።

የራሳችሁን አጥንት ትከሉ

አሁን ወደ ቤታችሁ ግቡ። ከራሳችሁ ጀምሩና ወደ ጎን ወንድም እህቶቻችሁን፣ ወደ ላይ ወላጆቻችሁን፣ ከዚያ አክስትና አጎቶቻችሁን፣ ከዚያ አያቶቻችሁን ጻፉ። የምታውቁትን ብቻ። ያላወቃችሁት ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። የጥያቄ ምልክቶቹን አትደብቁ፤ በየትኛው ወገን እንደበዙ ራሱ ወሬ ነው። ብዙ ሰው የአባቱን ወገን እስከ ቅድመ አያት ድረስ ጽፎ የእናቱ እናት ስም ላይ ይቆማል።

እዚህ ላይ የእኛ ቤት ከፈረንጁ መመሪያ ይወጣል። የአባት ልጅ ብቻ የሆነ ወንድም፣ የእናት ልጅ ብቻ የሆነች እህት፣ እንጀራ አባት፣ አያት ያሳደገችው የልጅ ልጅ አለ። ከገጠር መጥቶ ለትምህርት ብሎ ቤት የገባና በዚያው የቀረ የአጎት ልጅ አለ። ክርስትና እናት አለች። ልጆቹን ሁሉ አዝላ ያሳደገች፣ ከቤተሰብ የማትቆጠር ሠራተኛ አለች። ሁሉም ይግቡ። ለማደጎ ልጅ ከአሳዳጊዎቹ ሁለት መስመር ይወርዳል፤ አንዱ ድፍን፣ አንዱ የተቆራረጠ። በዘመድ ቤት ላደገ ልጅ ከወላጆቹ የሚወርደውን መስመር ሳትነኩ ካሳደጉት ሰዎች በነጥብ ነጥብ ሌላ መስመር አምጡ። በእኔ ሥዕል ላይ እናቴ ሁለት መስመር አላት። አንዱ ከወለዷት፣ አንዱ ከአክስቷ ቤት። ልጅ ሆኜ እናቴ ለምን ሁለት ሰው «እማዬ» እንደምትል አልገባኝም ነበር።

ለትውልድ ዓመት አትጨነቁ። «የተወለድኩበትን አላውቅም» የሚል ሽማግሌ ጊዜውን በደንብ ያውቃል፤ በቁጥር ስላልያዘው ነው። «ጣሊያን ሲገባ ደርሰው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ 1928 ላይ ታደርሳላችሁ። «አብዮቱ ሲፈነዳ አግብተው ነበር?» 1966። «በሰባ ሰባት ድርቅ ማን ታዝሎ ነበር?» «ኢሕአዴግ ሲገባ?» 1983። እንዲህ የተገኘ ዓመት ላይ «ገደማ» ብላችሁ ጻፉ። ውጭ አገር ካለ ዘመድ ዓመት ስትቀበሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ። የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት ሳይታወቅ ከተቀላቀለ ልጅ ከእናቱ ሠርግ በፊት ተወልዶ ይገኛል፤ ባዶ ወሬ ትፈጥራላችሁ።

እነዚህን ዘመኖች በወረቀቱ ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ደርድሯቸው። የቤት ነገር ብዙ ጊዜ ከአገር ነገር ጋር ይገጥማል። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተሰቦችን ብንወስድ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ወጣ። በዚያ አውሮፕላን የገባና ያልገባ ወንድማማች ካለ ከዚያ በኋላ ያለው መራራቅ በጠብ ብቻ አይተረጎምም።

አጠያየቅ

የዚህ ሥራ ከባዱም ጣፋጩም ክፍል ይህ ነው።

ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ለብቻ አግኙ። ቤት ሙሉ ሰው ባለበት የሚነገረው የታወቀው ወሬ ነው። ቡና ጥሩ ጊዜ ነው፤ እጅ ሥራ ይይዛል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። ለምን እንደምትጠይቁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ልትቀርጹ ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ። «ለምን» የሚለውን ቃል ተዉት፤ ክስ ይመስላል። «ለምን ተፋቱ?» ከማለት «ያኔ ቤቱ እንዴት ነበር?» በሉ። ጥሩ ጥያቄዎች ትንንሽ ናቸው። ማን ከማን ጋር ይተኛ ነበር? እናታችሁ ስትቆጣ ማን ነበር የሚያባብላት? የማን ስም ሲጠራ ቤቱ ጸጥ ይላል? ገንዘብ ሲቸግር ወደ ማን ነበር የሚላከው?

የስም ትርጉም ደግሞ ጠይቁ። ይህ ለእኛ የተሰጠ በር ነው። ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባሉ ስሞች ብዙ ጊዜ ከፊት የሞተ ሰው አላቸው። ሁሌ አይደለም፤ ግን ጠይቁ።

የአንዱ አጎቴ ስም «ምትክ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራው ትርጉሙን አስቤው አላውቅም። አንድ ቀን አክስቴ ሁለተኛውን ስትቀዳ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ የአጎቴን ስም ማን አወጣው?»

«እናታችን።»

«የማን ምትክ ነው?»

ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠችው። ትንሽ ቆየች። «ከሱ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረች» አለች። «ሁለት ዓመት ሞልቷት ነበር። ኩፍኝ ወሰዳት።» ከዚያ ሳልጠይቃት ቀጠለች። አጎቴ ባሳለው ቁጥር አያቴ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ እንደምታድር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ለትምህርት ክፍለ ሀገር ሊሄድ ሲል አያቴ እንደታመመች፣ እሱም እንደቀረ። አጎቴ እስከ ዛሬ ከዚያ ግቢ አልወጣም። እኛ ልጆቹ ፈሪ ነው እንል ነበር።

ያን ቀን ማታ ሥዕሉ ላይ ከአጎቴ በስተግራ ትንሽ ክብ ሠራሁ፤ ውስጡ ኤክስ። አጎቴን የማይበት ዓይን የተለወጠው ያኔ ነው።

ሁለት ሰው ስለ አንድ ነገር ሁለት ዓይነት ከነገራችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ዳኛ አትሁኑ። የሚያለቅስ ሰው ካለ ደብተሩን ዝጉ።

በመሃል ያለውን መስመር

አሁን ቀለሙን አውጡ። በሁለት የሚቀራረቡ ሰዎች መካከል ሁለት ትይዩ መስመር ይሠመራል። አንዱ ያለ ሌላው መተንፈስ የማይችል እስኪመስል የተጣበቁ ከሆነ ሦስት። ለጠብ በቀይ የተጠማዘዘ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ መስመር። ለመራራቅ የተቆራረጠ። ጨርሶ ለተቆራረጡ፣ በለቅሶ ላይ እንኳን ለማይተያዩ፣ መሃሉ ላይ የተበጠሰ መስመር። ሁለት ነገር በአንድ ላይ ሊኖር ይችላል፤ በጣም እየተቀራረቡ በጣም የሚጣሉ እናትና ልጅ ሁለቱንም መስመር ያገኛሉ።

እኔ አንድ የራሴን ጨምሬያለሁ፤ ገንዘብ ለሚላክበት አረንጓዴ ቀስት። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ያለው ቤት ይህን ቀስት ካልሣለ ሥዕሉ ጎደሎ ነው። አንድ ሰው ላይ ስንት ቀስት እንደሚወጣና ወደ እሱ ስንት እንደሚመለስ ቁጠሩ።

ማንበብ

ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፉና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ የሚደጋገም ነገር ፈልጉ።

መጀመሪያ ሦስት ማዕዘን ፈልጉ። ቦወን ብዙ የጻፈበት ነገር ነው። በሁለት ሰው መካከል ያለው ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ይሳባል። ይህንን ማስረዳት አያስፈልገንም። ባልና ሚስት ተኳርፈው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ «ለአባትህ ምሳ ደርሷል በለው» ሲባል አድገናል። ያ የሚላላከው ልጅ የትኛው ነበር? የመጀመሪያው ነው? ሴቷ ናት? ካደገ በኋላስ አሁንም የቤተሰቡ ሽማግሌ እሱ ነው? አያቶች ጋም እንደዚሁ የሚላላክ ልጅ ነበር? በሦስት ትውልድ ያው ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው ካገኛችሁ ምልክት አድርጉበት።

ቀጥሎ ቀኖችን አጠጋጉ። የአያት ሞትና የልጅ መወለድ በአንድ ዓመት ሆኗል? ጠቡ የጀመረው ከየትኛው ሞት በኋላ ነው? አንድ ሰው አባቱ በሞተበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ምን ሆነ? ወንድማማች የተጣላበትን ዓመት ስታገኙ የእናትየውን ሞት ከጎኑ ፈልጉ። በመሬት የተጣሉ የሚመስሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ መሃላቸው ቆማ የምታስታርቃቸውን ሰው ያጡ ናቸው።

የተበጠሱ መስመሮችን ደግሞ እዩ። በአንድ ቤት አንድ ሰው ቢቆረጥ ምክንያቱ ግለሰባዊ ሊሆን ይችላል። በየትውልዱ አንድ ሰው የሚቆረጥበት ቤት ግን መኳረፍን እንደ መፍትሔ ለልጆቹ አውርሷል።

ጤናን በአንድ ጥግ በትንሽ ጽሑፍ አስገቡ፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ካንሰር፣ የአእምሮ ሕመም፣ መጠጥ፤ ከተቻለ የጀመረበት ዕድሜ። የቅርብ የሥጋ ዘመድ፣ ወንድ ከሆነ ከ55 ዓመቱ በፊት፣ ሴት ከሆነች ከ65 ዓመቷ በፊት የልብ ሕመም ከያዘው ለሐኪማችሁ መንገር አለባችሁ። «ድንገት ነው የሞተው» የሚለውን ወሬ እንዲሁ አትለፉት። «የበላው ነገር ነው»፣ «ዓይን ነው» የተባለውንም እንደተባለ ጻፉት፤ ምልክቶቹን ግን አብራችሁ ጠይቁ። ደረቱን ይዞ ወደቀ ወይስ ሲከሳ ቆየ?

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በጣም የማምንበት። ከሥዕሉ የምታገኙት ግምት ነው። ሁለት ጊዜ የተደጋገመ ነገር ሁሉ የዘር ዕዳ አይደለም። «አያትህ ጠጪ ነበር፣ አንተም ያው ነህ» ለማለት የሚጠቀምበት ሰው መሣሪያውን አበላሽቶታል። ለእያንዳንዱ ድግግሞሽ ያልተደጋገመበትን ሰው ፈልጉ። ሦስት ወንድሞች ጠጥተው አራተኛው ካልጠጣ፣ የምትጠይቁት ሰው አራተኛው ነው።

የምትደብቁት ነገር

ሙሉውን ሥዕል በቴሌግራም የቤተሰብ ግሩፕ ላይ እንዳትለቁት። ከጠየቃችሁ ብዙ ነገር ትሰማላችሁ። የማን ልጅ የማን እንደሆነ፣ በምን እንደሞተ፣ በልጅነቷ ማን እንደጎዳት። ያ ሰው ለእናንተ ነው የነገራችሁ። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ ስምና ዓመት ብቻ ያለው ለሁሉም የሚታይ፣ ሌላው መስመሮቹና ማስታወሻው ያሉበት ለእናንተ ብቻ። ምስጢሩ አሁን በሕይወት ያለን ልጅ የሚጎዳ ከሆነ ዝም አትበሉ፤ እርዳታ ፈልጉ። እየሣላችሁ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ያለፈ ነገር ካገረሸባችሁ፣ ለጊዜው ጠቅልሉትና ባለሙያ አማካሪ ጋ ይዛችሁት ሂዱ። ሥዕሉን ማሳየት ብቻ የብዙ ቀን ወሬ ያሳጥራል።

ሲያልቅ ጥግ ላይ የሠራችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ማን ማን እንደነገራችሁም። ሁሌም ዓመት በዓል ሲመጣ፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ ስምና ዓመት ብቻ ያለውን ቅጂ አውጡት። ባለፈው ፋሲካ እኔ እንደዚያ አደረግሁ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። ጣቷን ከአጎቴ በስተግራ ባለችው ትንሽ ክብ ላይ አሳረፈች። «ስሟን አልጻፍከውም» አለችኝ። እርሳሱን ሰጠኋት።